10 ሜጋ ከፍዬ 1.1 ብቻ የሚያሳየኝ ለምንድን ነው?

ሰርግ_ኤዲተር

ሰላም ቤተሰብ። የሰርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። የአንድ ሰርግ ሙሉ ጥሬ ፋይል አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉ የሙሽራው ቤተሰቦች መላክ ነበረብኝ። ፎልደሩ ኮምፒውተሬ ላይ 40 ጊጋ ይላል። የቢሮዬ መስመር አፕሎዱም ዳውንሎዱም 10 ሜጋ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ለቀቅኩት፣ ያለቀው ጠዋት 1 ሰዓት አልፎ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፕሮግራሙ የሚያሳየኝ 1.1 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። ንቅንቅ አይልም።

ኢንተርኔት ወደሚያቀርብልኝ ድርጅት ደወልኩ። "መስመርዎ ጤነኛ ነው፣ ሙሉ 10 እየደረሰዎት ነው" አሉኝ። የፍጥነት መለኪያ ገጽ ላይ ስሞክረውም 9 ከምናምን ይላል። ታዲያ የቀረው የት ገባ?

ሌላም አለ። እዚሁ ቢሮ ውስጥ ከኮምፒውተሬ ወደ ማከማቻው በኬብል ፋይል ስገለብጥ 11.2 ላይ ቀጥ ይላል። ራውተሩም ማከማቻውም ካርቶናቸው ላይ "ጊጋቢት" ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ይሄስ ያው ችግር ነው?

ቀልደኛው

ቀሪው የደላላ ነው ሃሃሃ

ገርጂ_ኔትወርክ

ሰርግ_ኤዲተር፣ ሁለቱን ጉዳይ ለያይተህ እያቸው። የመጀመሪያው ችግር አይደለም። ሁለተኛው ግን ነው።

ፓኬጅህ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ፕሮግራሙ የሚያሳይህ ሜጋባይት በሰከንድ ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ይመጣል። ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል ከዚያ መስመር ከ1.25 ሜጋባይት በላይ አይወጣም።

ስክሪን ላይ ሁለቱን የምትለያቸው በአንዲት ፊደል ነው። የእንግሊዝኛው ምህጻር ላይ ትንሿ "ቢ" ቢት ናት፣ ትልቋ "ቢ" ባይት። እኛ ደግሞ ሁሉንም "ሜጋ" ብለን እናልፈዋለን። ኔትወርክ የሚሸጥልህ በቢት ነው የሚያወራው። ፋይል የሚያሳይህ ፕሮግራም በባይት።

ታዲያ ለምን 1.25 እንኳን አልሞላም? ሁለት ነገር ይቀነሳል።

አንዱ ማሸጊያው ነው፣ በእኛ ቋንቋ ኦቨርሄድ የምንለው። ጤፍ በኩንታል ስትገዛ ጆንያውም አብሮ ይመዘን የለ? ፋይልህም እንደዚያው ነው፣ ተቆራርጦ በፓኬት ታሽጎ ነው የሚሄደው። በተለመደው ኤተርኔት (የኬብል ኔትወርክ) ላይ አንድ ሙሉ ፓኬት ኬብሉ ላይ የ1,538 ባይት ቦታ ይይዛል። ያንተ ፋይል ከዚያ ውስጥ 1,460 ባይት ብቻ ነው። የቀረው 78 ባይት ለአድራሻ፣ ለስህተት መቆጣጠሪያና በፓኬቶች መሃል ላለው ክፍተት ይሄዳል። 1,460 ለ1,538 ሲካፈል 94.9 በመቶ ነው። ስለዚህ ከ10 ሜጋቢት 9.49 ይተርፍሃል። መለኪያ ገጹ "9 ከምናምን" ያለህም ለዚሁ ነው። ወደ ባይት ስትቀይረው 1.186 ይሆናል።

ሌላው የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ኔትወርክ "ሜጋ" ሲል አንድ ሚሊዮን ነው፣ አለቀ። ዊንዶውስ "ሜጋባይት" ሲል ግን 1,024 በ1,024፣ ማለትም 1,048,576 ባይት ማለቱ ነው። 1,186,000ን ለዚያ አካፍለው፣ 1.13 ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ ያየኸው ቁጥር ይሄ ነው።

40 ጊጋውንም እንሥራው። ዊንዶውስ 40 ጊጋ ካለህ ትክክለኛው 42.95 ቢሊዮን ባይት ነው። በ8 ስታባዛው 343.6 ቢሊዮን ቢት። ለ9.49 ሚሊዮን ስታካፍለው 36,206 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ሰዓት ከ3 ደቂቃ። ማታ 3 ሰዓት ተጀምሮ ጠዋት 1 ሰዓት አለፍ ሲል አለቀ። መስመርህ ምንም አልጎደለበትም። የደወልክላቸው ሰዎች እውነታቸውን ነው።

ገርጂ_ኔትወርክ

አሁን ወደ 11.2። ይሄ ቁጥር ለእኛ ሥራ እንደ ስም ነው፣ ገና ሳየው አውቀዋለሁ። 100 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 12.5። ማሸጊያው ሲቀነስ 11.86። በዊንዶውስ አቆጣጠር 11.3። ፋይል የሚያጋራው ፕሮቶኮል ራሱ ትንሽ ይወስድና 11.2 ላይ ይቆማል። ማለትም የአንተ "ጊጋቢት" መስመር የሚሠራው በ100 ሜጋቢት ነው። ጊጋቢት ቢሆን 112፣ 113 አካባቢ ታይ ነበር።

ጠርጥር ካልከኝ የምጠረጥረው ኬብሉን ነው። ጊጋቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን 8 ሽቦዎች በሙሉ ይፈልጋል። 100 ሜጋቢት ግን 4ቱ ብቻ ይበቁታል። አንዲት ሽቦ ጫፉ ላይ በደንብ ካልተያዘች ዕቃዎቹ እርስ በርስ ተስማምተው ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጡህም። ዊንዶውስ ላይ የኔትወርኩ ቅንብር ውስጥ ገብተህ የሊንክ ፍጥነት ስንት እንደሚል እየው። 100 ካለ ኬብሉን ቀይር።

ፌር_ይሁን

ማብራሪያው አሪፍ ነው ግን እኔ አልዋጥልኝም። ሰው የሚያየው ፋይል በባይት ነው። ለምን በባይት አይሸጡልንም? ቁጥሩ 8 እጥፍ እንዲገዝፍ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚመስለው።

ማይክሮዌቭ_ዘመን

ለፌር_ይሁን። ልጄ፣ ማስታወቂያ የሚሠሩት ሰዎች ቁጥሩ በመግዘፉ አያዝኑም፣ እሱን አልክድም። ነገር ግን ልማዱ ከእነሱ በፊት ነው። እኔ ዕድሜዬን ትራንስሚሽን፣ ማለትም የቴሌኮም ማስተላለፊያ መስመሮች ላይ ነው የፈጀሁት።

መስመር የሚያውቀው ቢትን ነው። ቢቱ የደብዳቤ ይሁን የድምፅ ይሁን የቪዲዮ፣ ለመስመሩ ጉዳዩ አይደለም። ባይት የኮምፒውተር ሰዎች ነገር ነው። ቃሉን ቨርነር ቡክሆልዝ በ1956 አይቢኤም ውስጥ አወጣው፣ ያኔም 8 ቢት መሆኑ አልተቆረጠም ነበር። ባለ 6 ቢት ባይት ያላቸው ማሽኖች ነበሩ። የቴሌግራፉ የቦዶ ኮድ ደግሞ አንዱን ፊደል በ5 ቢት ነበር የሚልከው። ስለዚህ "በሰከንድ ስንት ባይት" ብትል አንዱ 5፣ አንዱ 6፣ አንዱ 8 ብሎ ይቆጥራል። በቢት ካወራህ ክርክር የለም። የቴሌኮም ሰዎች እርግጠኛ 8 ቢት ለማለት ሲፈልጉ ዛሬም "ኦክቴት" ነው የሚሉት።

የሦስተኛ_ዓመት

ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ክፍል ውስጥ ክርክር ተነስቶ ነበር። ኢ-ዋን የሚባለው፣ ብዙ የስልክ ጥሪ አንድ ላይ የሚያልፍበት የቴሌኮም መስመር 2,048 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። 2,048 ደግሞ 2 ጊዜ 1,024 ነው። ስለዚህ ቴሌኮምም የሚቆጥረው በ1,024 ነው ያሉ ልጆች አሉ። ልክ ናቸው?

ማይክሮዌቭ_ዘመን

ጥሩ ጥያቄ ነው። ልክ አይደሉም፣ ግን ለምን እንደተሳሳቱ ይገባኛል። ቁጥሩ ያታልላል።

ከድምፅ ጀምር። በዲጂታል ስልክ ድምፅህ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል። 8,000 በ8 ሲባዛ 64,000 ቢት በሰከንድ። 64 ኪሎቢት የምንለው ይሄ ነው፣ ኪሎውም ንጹህ 1,000 ነው። ኢ-ዋን 32 እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉት። 30ው ለድምፅ፣ ዜሮኛው ለማስተካከያ፣ 16ኛው ለሲግናሊንግ (ለጥሪ መቆጣጠሪያ)። 32 በ64,000 ሲባዛ 2,048,000 ነው። ከ1,024 ጋር መግጠሙ 32ም 64ም 2 በራሱ እየተባዛ የሚገኙ ቁጥሮች ስለሆኑ ብቻ ነው። በ1,024 የሚቆጠር ቢሆን 2,097,152 ቢት በሆነ ነበር። እንዲያ ዓይነት መስመር የለም።

አሜሪካኖቹ በምትኩ 24 ቦታ አድርገው 8 ኪሎቢት ለፍሬም (የቦታዎቹን መጀመሪያ ለማመልከት) ጨመሩበት፣ 1,544 ሆነ። እዚያ 1,024 የለም። ልጆቹን ይሄን አሳያቸው።

በእኛ ጊዜ እነዚህን በስማቸው አንጠራም ነበር። "ሁለት ሜጋው ወድቋል"፣ "ሠላሳ አራት ሜጋው ተመለሰ" ነው ንግግሩ። ሠላሳ አራቱ 34,368 ኪሎቢት ነው፣ 16 ሁለት ሜጋ ይይዛል። 16 በ2,048 ብታባዛ ግን 32,768 ነው የምታገኘው። ቀሪው 1,600 ኪሎቢት የማሰባሰቢያው ነው። ገርጂ ጆንያ ያለው መሆኑ ነው። ከዚያ ኤስቲኤም-ዋን የሚባለው ትልቁ መስመር መጣ፣ 155.52 ሜጋቢት። እሱም ውስጥ 63 ሁለት ሜጋ ይገባል። 63 በ2.048 ስንት ነው? 129.02። ከ155 ወደ 129! ይሄንን ያየ ሰው 94.9 በመቶ ሲተርፈው አያማርርም።

የሦስተኛ_ዓመት

ግልጽ ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቦድ እና ቢት በሰከንድስ? ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጽፉ አሉ።

ማይክሮዌቭ_ዘመን

ቦድ በሰከንድ ስንት ምልክት እንደተላከ ነው የሚነግርህ። ስሙ ከፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ከኤሚል ቦዶ የመጣ ነው። አንድ ምልክት ብዙ ቢት ሊሸከም ይችላል። በስልክ መስመር ኢንተርኔት የምንገባበትን ሞደም ታስታውሱ እንደሆነ፣ ያ ጢ... የሚለው። "56 ሺህ ቦድ ሞደም" ይሉት ነበር። ውሸት ነው። ወደ ተጠቃሚው ሲልክ በሰከንድ 8,000 ምልክት ነው የሚልከው፣ እያንዳንዱ ቢበዛ 7 ቢት ይዞ። 7 በ8,000 ሲባዛ 56,000 ቢት። ስለዚህ 8,000 ቦድ፣ 56,000 ቢት በሰከንድ። 8,000ን አስተውል። ያው የድምፁ 8,000 ነው። ሞደሙ በስልኩ የ64 ኪሎቢት ቦታ ውስጥ ነበር የሚጓዘው።

ያ ሞደም ሙሉ ፍጥነቱን ቢሰጥ እንኳ በሰከንድ 7 ኪሎባይት ነው። አንድ ዘፈን ለማውረድ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይጠጣ ነበር።

የሁለት_ልጆች_እናት

እኔ ኔትወርክ አላውቅም፣ እንዲያው አንድ ነገር ንገሩኝ። ለልጆቼ 1 ጊጋ ዳታ ስሞላላቸው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ስልኩ ላይ ፍጥነት የሚለካ ነገር ጭኜ ሳየው ደግሞ 50 ሜጋ ይላል። 50 ሜጋ ከ1 ጊጋ በጣም ትንሽ አይደለም? እንዴት ነው የሚያልቀው?

ገርጂ_ኔትወርክ

እህቴ፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። 1 ጊጋው የገዙት መጠን ነው፣ በባይት። 50 ሜጋው ፍጥነት ነው፣ በቢት፣ ያውም በየሰከንዱ። 1 ጊጋባይት 8,000 ሜጋቢት ነው። 8,000 ለ50 ሲካፈል 160 ሰከንድ። ልጆቹ ትልቅ ነገር በሙሉ ፍጥነት ቢያወርዱ ጥቅሉ በ2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሊያልቅ ይችላል። ግማሽ ሰዓት መቆየቱ ራሱ ቪዲዮው ሙሉውን 50 ስላልተጠቀመ ነው።

ቪዲዮ ሲሆን አንድ ቀላል ሂሳብ ልስጥዎት። ቪዲዮው በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚወስድ ካወቁ በ450 ያባዙት። በሰዓት ስንት ሜጋባይት እንደሚበላ ይነግርዎታል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 900 ሜጋባይት ነው። ጥራቱ ከፍ ብሎ 5 ቢሆን 2,250። አፑ ውስጥ ገብተው በሞባይል ዳታ ሲሆን ጥራቱ ዝቅ እንዲል ያድርጉት።

የሁለት_ልጆች_እናት

ጥራቱን አሁኑኑ ዝቅ አድርጌዋለሁ። "ቪዲዮው ደበዘዘ" ብለው መጥተዋል ሃሃ። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

አራት_ኬ_ካሜራ

የ450ዋን ሂሳብ ወድጃታለሁ። ካሜራዬ 4ኬ ሲቀርጽ 100 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። በ450 ሳባዛው በሰዓት 45 ጊጋ። ከሜሞሪ ካርዱ ጋር ልክ ይገጥማል። ግን ካርዱ ላይ "ቪ30" ይላል። 30 ከ100 ያንሳል፣ ግን ሲቀርጽ ተቋርጦ አያውቅም። እንዴት ነው ነገሩ?

ገርጂ_ኔትወርክ

ቪ30 ማለት ካርዱ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ይጽፋል ነው። በቢት 240 ሜጋቢት። ካሜራህ የሚፈልገው 100 ነው። ካሜራው በቢት፣ ካርዱ በባይት ነው የሚያወራው። ይተርፍሃል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ

እኔ ያለሁበት ያው ፋይሉ የተላከበት ሰፈር ነው ሃሃ። መስመሬ 500 ሜጋቢት ነው፣ እዚህ ስለካውም 470 ይሰጠኛል። ቤተሰብ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ካለ አሮጌ ማሽን ፋይል ሳወርድ ግን በሰከንድ 0.3 ሜጋባይት ነው። እዚያ ያለው መስመርም 10 ሜጋቢት ነው፣ በዚህ ሂሳብ 1.1 ማየት ነበረብኝ። ለ8ም አካፈልኩ፣ ጆንያም ቀነስኩ፣ አልገጠመልኝም።

ገርጂ_ኔትወርክ

የአንተ ጉዳይ ከዩኒት ያለፈ ነው። ርቀቱ ነው። ላኪው ማሽን የተወሰነ መጠን ይልክና "ደረሰኝ" የሚል መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል። በጣም አሮጌ ሶፍትዌር ላይ ያ መጠን ከ65,535 ባይት አያልፍም። ደርሶ መልሱ ለምሳሌ 200 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በሰከንድ 5 ዙር ብቻ ነው የሚላከው። 65,535 በ5 ሲባዛ 327,675 ባይት። ይኸው 0.3ህ። በቢት 2.6 ሜጋቢት። የቀረው 7 ሜጋቢት ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።

አዲስ ሲስተም ይሄን ገደብ ራሱ ያሰፋዋል። ማሽኑን ማዘመን ካልተቻለ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ፋይል አብረህ አውርድ። እያንዳንዱ የየራሱ 0.3 ይኖረዋል፣ ድምሩ 1.1 እስኪሞላ ድረስ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ

አራት አንድ ላይ ለቀቅኩ፣ ድምሩ 1.1 ሆነ! በዚያው ቆመ፣ ልክ እንዳልከው።

ፌር_ይሁን

አሁንም በባይት ይሸጥ ባይ ነኝ። ግን ስደውል በቢት ነው የማወራው፣ እሺ።

ገርጂ_ኔትወርክ

ይሻልሃል። "ዳውንሎዴ 1.1 ነው" ካልካቸው ምንም አይሰሙህም። "በኬብል፣ ሌላ ሰው ሳይጠቀም ለካሁት፣ ከ10 ሜጋቢት 4 ነው የመጣው" በላቸው። ዋይፋይ ላይ ለክተህ ግን አትደውል። ስልክህ ላይ ዋይፋዩ "433 ሜጋቢት" ቢል እንኳ እሱ በስልክህና በራውተሩ መሃል ያለ የአየር ላይ ፍጥነት ነው፣ በተግባር ከግማሽ ብዙም አያልፍም።

ሰርግ_ኤዲተር

ተመልሻለሁ። የሊንክ ፍጥነቱን አየሁት፣ 100/100 ይላል። ኬብሉን አወጣሁት። አንደኛው ጫፍ ላይ ፕላስቲኩ ውስጥ ቡናማዋ ሽቦ እስከ መጨረሻው አልገባችም፣ በዓይን ይታያል። ከጎረቤት ሱቅ ሌላ ገዝቼ ሰካሁ። 1,000 አለ። ያንኑ 40 ጊጋ ወደ ማከማቻው ስገለብጠው 112 ላይ ነው የሮጠው፣ 6 ደቂቃ አካባቢ ፈጀ። ድሮ ሰዓት ይወስድ ነበር።

የውጭውን መስመር ግን ምን ላድርገው? የሚቀጥለው ሰርግ ከዚህም ይበልጣል። ባልደረባዬ "ፍላሽ ላይ አድርገህ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ስጠው፣ ከኢንተርኔቱ ይፈጥናል" ይለኛል።

ማይክሮዌቭ_ዘመን

ይሄንንም እንሥራዋ። መንገደኛው ከእጅህ ተቀብሎ እዚያ እስኪያስረክብ 24 ሰዓት ይፍጅበት እንበል። 86,400 ሰከንድ ነው። 40 ጊጋህ 343.6 ቢሊዮን ቢት ነበር። ሲካፈል በሰከንድ 4 ሜጋቢት ገደማ። መስመርህ 9.49 ስለሚሰጥህ ከሰውየው ይፈጥናል።

ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ሞልተህ ብትሰጠው ግን 16 ትሪሊዮን ቢት ነው። ለ86,400 ሲካፈል 185 ሜጋቢት በሰከንድ። ያኔ ሰው ፈልግ። ዲስኩን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይያዝልህ።

ቀልደኛው

ጋሼ፣ መንገደኛው በርበሬና ሽሮም ይዟል። እሱ ኦቨርሄድ ነው?